«አልሠራም» ከሚል ስክሪንሾት እስከ ታተመ ወረቀት፦ የአንድ ፓኬጅ የመጫኛ መመሪያ በኮዬ ፈጬ ሲፈተን

ጉዳዩ ፓይዘን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች የአንዲት ትንሽ ፓኬጅ ነው። ሥራዋ አንድ ነው፤ በፓወር ግዕዝና በመሰል የቆዩ ፎንቶች የተተየበ የዎርድ ፋይል ተቀብላ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም መሣሪያ ላይ ወደሚነበበው የጋራ የፊደል መለያ፣ ትቀይራለች። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሲተየብ የኖረው ደብዳቤ፣ ውልና የእድር ደንብ አብዛኛው የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ በሚያስቀምጡ ፎንቶች የተሠራ ነው። ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይነበባል፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል።

በዚህ ከማንም በላይ የሚንገላቱት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ናቸው። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ ጎን በተንሰራፋው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በየብሎኩ ሥር እንዲህ ያለ ቤት አይጠፋም። የእድር ጸሐፊው ፍላሽ ይዞ ይመጣና «አንድ አንቀጽ ብቻ አስተካክሉልኝና በቴሌግራም ላኩልኝ» ይላል። ፋይሉ እንዳለ ቢላክ የሚያነበው የለም፤ ስለዚህ ሙሉው ደንብ እንደ አዲስ ይተየባል። ፓኬጇ ይህን ድካም በጥቂት ሰከንድ ታስቀራለች፤ ከተጫነች።

የጻፋት ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ጓደኛዬ ነው። ቀን ቀን መሀል ከተማ ይሠራል፣ ማታ ማታ ይህችን ይነካካል። ኮዱን ሲጨርስ የፓይዘን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ፓይፒአይ ላይ አወጣት። ፓይፒአይ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ አሁን የፓይዘን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የሚያስተዳድረው የፓኬጅ ማከማቻ ነው፤ ማንም በነፃ ያስቀምጥበታል፣ ማንም በነፃ ያወርድበታል። ጓደኛዬ ሊንኩን በሰፈሩ ላሉ ጽሕፈት ቤቶችና በአቅራቢያው ላለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በቴሌግራም በተነው። መልሱ በስክሪንሾት ጎረፈ፤ ከእያንዳንዱ ሥር ያለው ቃል አንድ ነው፦ «አልሠራም»። ስክሪንሾቶቹን ጎን ለጎን ስናያቸው ስለ ፊደል አቀያየሩ ያማረረ አንድም ሰው የለም። ሁሉም የቆሙት ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ነው። የኔ እንጀራ መመሪያ መጻፍ ስለሆነ ጓደኛዬ የጠራኝ ያኔ ነው።

ገጹ ሁለት ጸሐፊ አለው

ማንኛውም የፓይፒአይ ገጽ በሁለት እጅ የተጻፈ ነው። ላይኛውን ክፍል የሚጽፈው ድረ ገጹ ራሱ ነው፤ የፓኬጁን ስም፣ የመጨረሻውን እትም ቁጥርና ፒፕ የተባለው የፓይዘን መጫኛ የሚታዘዝበትን «ፒፕ ኢንስቶል» የሚለውን መስመር ከነመቅጃ ቁልፉ ከፓኬጁ ስም እያነሳ በራሱ ያወጣዋል። ያንን መስመር የፓኬጁ ባለቤት ሊያሳምረውም ሊያርመውም አይችልም። የባለቤቱ ድርሻ ከዚያ በታች ያለው መግለጫ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሪድሚ ከሚባለው ፋይል የሚቀዳ ነው።

ታዲያ መግለጫውም ቢሆን እንደ ፌስቡክ ጽሑፍ ገብቶ የሚታረም አይደለም። ከእትሙ ጋር አብሮ ይታሸጋል። አንዲት ፊደል ለማስተካከል አዲስ እትም መልቀቅ ግድ ነው፤ በአንድ ስም ወደ ፓይፒአይ የተሰቀለ ፋይል ቢሰረዝ እንኳ በዚያው ስም ተመልሶ አይሰቀልም። ይህ አሠራር ለደኅንነት የታሰበ ነው፤ ዛሬ ያወረድከው ነገ በዚያው ቁጥር ሌላ ነገር ሆኖ እንዳይጠብቅህ። እኔም እደግፈዋለሁ። ለመመሪያ ጸሐፊ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ገጹ ላይ የምታስቀምጠው ቶሎ ቶሎ የማይለወጠውን ብቻ ነው። ቶሎ የሚያረጀውን፣ ለምሳሌ «የትኛውን ፓይዘን ላውርድ» የሚለውን፣ ሌላ ቦታ አስቀምጠህ በሊንክ ታመለክታለህ።

የጓደኛዬ ሪድሚ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ፓይዘን 3 ያስፈልጋል፣ ለመጫን ከላይ ያለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ ይላል፤ ከዚያ ኮድ ውስጥ እንዴት እንደምትጠራ ገጽ ሙሉ ማብራሪያ ይከተላል። ለፕሮግራመር ከበቂ በላይ ነው፤ ለእድር ደንብ ተያቢ ግን ምንም አይደለም።

ሌሎቹም ማከማቻዎች ከዚህ ብዙ አይርቁም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለውን የሌላ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የፐርል፣ ማከማቻ ሲፓንን የምናስስበት ሜታሲፓን ሁለት የመጫኛ መንገዶችን አስቀምጦ አንባቢውን ያስመርጣል። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው የደቢያን የፓኬጅ ገጽ ፋይሉን ለማውረድ ስትሄድ «በእጅህ ከምታወርድ በፓኬጅ ማኔጀር ብትጭነው ይሻላል» ብሎ አጥብቆ ይመክራል፤ ይህ ምክር እኛም ጋ እንደሚያስፈልግ ኋላ አይተናል። ሁሉም ግን አንባቢው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚተየብበትን ጥቁር መስኮት) ከፍቶ፣ መጫኛው በእጁ ሆኖ፣ ኢንተርኔት እየፈሰሰለት ይጠብቃል ብለው ይነሳሉ። ታክሲው ከየት እንደሚያዝ ሳይናገሩ «ከድልድዩ ወደ ግራ» ብሎ መንገድ እንደ መጠቆም ነው።

ዝም ብሎ ማየት

መመሪያውን ከመንካታችን በፊት ሰው ሲጭን እናይ ዘንድ ተስማማን። ደንባችን አንድ ነበር፦ ሰውየው እስኪያቆም ድረስ እኛ አፍ አንከፍትም። ለኔ ቀላል ነበር። ጓደኛዬ ግን መሀል ላይ ትዕግሥቱ አልቆ ማኪያቶ ልጠጣ ብሎ ወጣ።

የመጀመሪያው ቤት ባለቤት በሃምሳዎቹ ያሉ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩ ወጣት «እትዬ» ይላቸዋል፣ እኛም እንዲሁ። ሁለት ኮምፒውተር አላቸው፤ አንዱ ዊንዶውስ 10፣ ሌላው ፕሪንተሩ የታሰረበት አሮጌ ዊንዶውስ 7። ረዳታቸው አንድ ወጣት ልጅ ነው። እትዬ ሊንኩን የከፈቱት በስልካቸው ነው። እኛ ስለ መቅጃ ቁልፍ አቀማመጥ ስንጨነቅ ነበር፤ ቁልፉ ግን ለእሳቸው ምንም አይፈይድም። ስልክ ላይ የተቀዳ ትእዛዝ ኮምፒውተር ላይ አይለጠፍም። ዳታው ያለው ስልካቸው ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት የሚያገኘው ሆትስፖት ሲበራለት ብቻ ነው፣ ሆትስፖት ደግሞ የሚበራው ሥራ ሲኖር ነው። ስለዚህ መመሪያው ከስልክ ይነበባል፣ ትእዛዙ በኮምፒውተር ላይ በጣት ይተየባል። ኋላ ባየናቸው ቤቶችም ያው ነው። ይህ ነገር ከዚያ በኋላ የጻፍነውን ሁሉ ለውጦታል፤ ረጅም ትእዛዝ፣ ጥንድ ሰረዝና ጥቅስ ምልክት ሁሉ አንዳንድ የስህተት በር መሆኑ ገባን።

እትዬ ቀጥሎ ያደረጉት «ፒፕ ኢንስቶል» የሚለውን አልፎ ማውረጃውን መፈለግ ነበር። ሰው ፕሮግራም የሚያወርደው ፋይል ሆኖ ነው፤ ሁለቴ ተጭኖ፣ «ኔክስት፣ ኔክስት» ብሎ ነው የሚጭነው። ስለዚህ ፋይሎቹ ወደተዘረዘሩበት ክፍል ገቡና የመጀመሪያውን ወደ ስልካቸው አወረዱት፤ በኬብል ወደ ኮምፒውተሩ አሻገሩት። ሁለቴ ሲጫኑት ዊንራር ተከፈተና የፎልደር ዝርዝር አሳያቸው። «ይኸው፣ ተበላሽቷል» አሉ። አልተበላሸም፤ ፓኬጅ የሚታሸገው በተጨመቀ ፋይል ስለሆነ ዊንራር የኔ ነው ብሎ ይከፍተዋል። ገጹ ግን ይህን አይነግራቸውም።

ረዳቱ ልጅ ፓይዘንን ትምህርት ቤት ነካክቶታል። ጥቁሩን መስኮት ከፈተና መተየብ ሲጀምር የአማርኛ ፊደል ወጣለት፤ ፓወር ግዕዙ ከጠዋት ጀምሮ እንደበራ ነው። አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ ፒፕ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም አለው። ፓይዘን ከራሱ ድረ ገጽ ሲጫን «ወደ ፓዝ ጨምር» (ፓዝ ዊንዶውስ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው) የምትል ሳጥን አለች፤ ካልነኳት ባዶዋን ነው የምትቀረው፣ ልጁም ከዚህ በፊት ሲጭን አልነካትም። ሌላ ዘዴ መጣለት፤ ፓይዘንን ራሱን ከፈተና ሦስቱ የቀስት ምልክቶች ባሉበት መስመር ላይ ያንኑ ትእዛዝ ጻፈ። ያ መስመር የሚቀበለው የፓይዘን ኮድ እንጂ የመጫኛ ትእዛዝ አይደለም፤ የአጻጻፍ ስህተት ብሎ መለሰው። ከተላኩልን ስክሪንሾቶች መካከል እጅግ የበዛው ይህኛው መሆኑን ያኔ ተረዳን፤ ቀስቶቹ ሥዕሉ ላይ ነበሩ፣ ልብ ብሎ ያያቸው ግን አልነበረም።

በማሠልጠኛው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ገጠመን። አንዲት ሠልጣኝ ሁሉንም በትክክል አድርጋ ተጭኖላታል። ነገር ግን ከመጨረሻው መስመር በታች ፒፕ «አዲስ የፒፕ እትም ወጥቷል» የሚል ማሳሰቢያ ይጨምራል፤ በቀለም ተለይቶ ይታያል። ስህተት መስሏት ሦስቴ አራቴ ደጋግማ ጫነችው። ከእሷ አጠገብ የነበረው ወጣት በፈንታው የሚወርደው ፋይል ግማሽ ላይ ተቋረጠበት። የሆትስፖቱ ዳታ አልቆ ነበር። እንደገና ሲሞክር ፒፕ ያለው ግን «የሚስማማ እትም አላገኘሁም» ነው፤ ልጁም የፓኬጁን ስም ተሳስቼ ጽፌ ነው ብሎ ፊደል በፊደል ሲያመሳክር ቆየ። ፒፕ ከማከማቻው ጋር መገናኘት ሲያቅተው የሚያወጣው የመጨረሻ መስመርና ስሙ በሌለ ፓኬጅ ላይ የሚያወጣው አንድ ነው። ልዩነቱ ከፍ ብሎ ባሉት የማስጠንቀቂያ መስመሮች ውስጥ ተቀብሯል፤ እነሱን ማን ያነባል?

ምን ለወጥን

መጀመሪያ የለወጥነው ቃል ሳይሆን ፓኬጇን ነው። መመሪያ ላይ «ሰፊ ዳታ ያስፈልጋል» ብሎ ከመጻፍ ዳታውን መቀነስ ይሻላል። ጓደኛዬ ኤክሴል ፋይልም እንዲቀየር ብሎ ፓንዳስ የተባለውን የሠንጠረዥ ፓኬጅ አስገብቶ ነበር። ፓንዳስ ናምፓይን ይጎትታል፣ ሁለቱ ተደምረው ከ20 ሜጋባይት በላይ ይወርዳሉ። የእኛዋ ፓኬጅ ራሷ ከጥቂት ኪሎባይት አትበልጥም! ኤክሴሉን ለብቻው አማራጭ አድርጎ አወጣው፤ የፈለገ በስሙ ጠርቶ ይጨምረዋል። የዎርድ ፋይል ለማንበብ የሚያስፈልገው ብቻ ቀረ፤ እሱም ኤልኤክስኤምኤል የሚባለውን ይዞ ይመጣል፣ ማምለጫ የለውም።

ኤልኤክስኤምኤል የራሱ ጣጣ አለው። ግማሹ በሲ የተጻፈ ስለሆነ ለየፓይዘን እትሙና ለየኮምፒውተር ዓይነቱ ዊል የሚባል ዝግጁ ፋይል ይፈልጋል። አዲስ ፓይዘን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ይወጣል፤ ዊሎቹ ግን ሁልጊዜ በዚያው ቀን አይደርሱም። ቸኩሎ አዲሱን ያወረደ ሰው ላይ ፒፕ ዝግጁ ሲያጣ ጥሬውን አውርዶ እዚያው ሊያዘጋጅ ይሞክራል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኮምፓይለር (ጥሬ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ) ስለሌለ አንድ ስክሪን ሙሉ ቀይ ጽሑፍ ያወርድበታል። ስለዚህ መመሪያችን «የመጨረሻውን ፓይዘን» አይልም፤ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ይላል። ይህ ምክር በየዓመቱ ቁጥሩ ስለሚለወጥ ከፓይፒአይ ገጽ ውጭ አስቀመጥነው።

ቀጥሎ ትእዛዙ። ከላይ ያለውን መስመር መለወጥ ባንችልም ከሥሩ የምንጽፈው የኛ ነው። የመግለጫው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እንዲህ ሆነ፦ «ከላይ ያለው ትእዛዝ ካልሠራልዎ አይጨነቁ፤ በዊንዶውስ የሚከተለውን ይጠቀሙ»። ከዚያ በ«ፓይ» የሚጀምረው «ፓይ -ኤም ፒፕ ኢንስቶል» መጣ። «ፓይ» ከፓይዘን ድረ ገጽ በሚወርደው መጫኛ አብሮ የሚገባ አስነሺ ነው፤ ያቺ ሳጥን ባትነካም ይሠራል። በአንድ ምት የ«አላውቅም» ስክሪንሾቶችን አስቀረልን። ፕሮግራሙን ለማስነሳትም በዚያው መልክ አስተማርን፤ ፒፕ የሚፈጥረው አጭር ትእዛዝ ፓዝ ላይ በሌለ ፎልደር ሊቀመጥ ስለሚችል።

የፓኬጇ ስም ሰረዝ አለበት። ፓይፒአይ ላይ ሰረዝና የታችኛው መስመር እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ ሲጫን የቱንም ብትጽፍ ይቀበላል። ስትጠራት ግን ፓይዘን ሰረዙን እንደ መቀነስ ምልክት ስለሚያየው የታችኛው መስመር ግዴታ ነው። ይህን በአንድ መስመር፣ ሁለቱን አጻጻፎች አንዱን ከሌላው ሥር አድርገን አስቀመጥነው። ማብራሪያ አልጨመርንም፤ ዓይን ራሱ ይለየዋል።

ከትእዛዙ በፊት ደግሞ እንዲህ የሚሉ አጫጭር መስመሮች ገቡ፦ ኪቦርድዎን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ። የዊንዶውስ ቁልፍና አር አንድ ላይ ይጫኑ፣ ሲኤምዲ ብለው ይጻፉ፣ ኢንተር። መስመሩ በሦስት ቀስት ከጀመረ ፓይዘን ውስጥ ነዎት፣ ዘግተው ይውጡ። የሚወርደው ይህን ያህል ሜጋባይት ነው። ፋይሉን ከማውረጃው ክፍል አያውርዱ፣ ሁለቴ ተጭኖ አይከፈትም። ስለ ኪቦርዱ የሚለውን ጓደኛዬ «ይህ እንኳ ይጻፋል?» ብሎ ተከራክሮ ነበር። የረዳቱን ስክሪን አስታወስኩት፤ ተወው።

ከትእዛዙ በኋላ የመጣው ግን ይበልጥ የረዳ ይመስለኛል፦ ሲሳካ ምን እንደሚታይ። «ሳክሰስፉሊ ኢንስቶልድ» የሚለው መስመር ከታየ አልቋል፤ ከዚያ በታች ስለ አዲስ ፒፕ የሚለው ስህተት አይደለም፣ ይለፉት። «የሚስማማ እትም አላገኘሁም» ካለ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ይመልከቱ፣ ስሙን ቀጥሎ። ከሥሩ የስህተት መልእክቶቹ በስክሪኑ ላይ እንደሚታዩት በእንግሊዝኛ፣ ትርጉማቸውና መፍትሔያቸው በአማርኛ ተቀመጡ። መልእክቱን በእንግሊዝኛው መተው አስፈላጊ ነው፤ ሰው ስክሪኑ ላይ ያየውን ገጹ ላይ በዓይኑ ማመሳከር አለበት።

ፍላሽ

ኮዬ ላይ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚኖሩበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ፒፕ ማከማቻው ካልመለሰለት በ15 ሰከንድ ተስፋ ይቆርጣል፤ ደጋግሞ ይሞክርና ያቆማል። የጥበቃውን ጊዜ ማርዘም ይቻላል፣ እሱንም ጻፍነው። የሚያዋጣው ግን አንድ ሰው አንዴ አውርዶ በፍላሽ ማዞሩ ነው። «ፒፕ ዳውንሎድ» ፓኬጇን ለመሥራት ከሚያስፈልጓት ሌሎች ፓኬጆች ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። በሌላው ኮምፒውተር ላይ ፒፕን ኢንተርኔት አትይ፣ ከዚህ ፎልደር ውሰድ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ይህን ጽፈን ደስ ብሎን ሳለ እትዬ መመሪያውን ለረዳታቸው ሊያትሙለት ዎርድ ላይ ተየቡት። ጽሕፈት ቤት አይደል፣ ሁሉ ነገር ይታተማል። ዎርድ ደግሞ ጥንዱን ሰረዝ በራሱ ፈቃድ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ለወጠው። ከወረቀቱ ላይ አይቶ የተየበው ልጅ በአንድ ሰረዝ ጻፈው፤ ፒፕም እንዲህ የሚባል አማራጭ አላውቅም አለ። መፍትሔያችን ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ለማተም የተዘጋጀ አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ራሳችን ሠራን፤ ሰረዞቹ በትልልቁ፣ «ሁለት ሰረዝ» ተብሎ ከጎናቸው ተጽፎ። ሁለተኛ፣ ፍላሹ ላይ ያንን ረጅም ትእዛዝ የያዘ ትንሽ የባች ፋይል አብረን አስቀመጥን። ይህኛው ሁለቴ ተጭኖ ይከፈታል! የእትዬ ልማድ የት ሄዶ።

የፍላሹ ወጥመድ ሌላ ነው። ፒፕ ዳውንሎድ የሚያወርደው ለሚያወርድበት ኮምፒውተር የሚስማማውን ዊል ነው። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ ላይ ያወረደ ተማሪ ለዊንዶውስ ሰጥቶ አልሠራ ብሎታል። ስለዚህ ፎልደሩ ስሙ ላይ የኮምፒውተሩን ዓይነትና የፓይዘን ቁጥሩን እንዲይዝ አደረግን።

«ለምን ድረ ገጽ አታደርጉትም፣ ፋይሉን እንስቀልና ተቀይሮ ይውረድ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ተነሥቷል። ጥያቄው ልክ ነው። ነገር ግን በጽሕፈት ቤት የሚያልፈው ፋይል የቤት ሽያጭ ውል ነው፣ ኑዛዜ ነው፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ ነው። ያንን ወደ ማናውቀው ሰርቨር መስቀል ጓደኛዬ አልፈለገም፣ እኔም ደግፌዋለሁ። ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ የሚከፈት ፋይል የማድረግ ሐሳብም ተሞክሮ ነበር። ዲጂታል ፊርማ የሌለው እንዲህ ያለ ፋይል ግን በዊንዶውስም በአንቲቫይረስም በክፉ ዓይን ይታያል፤ ሰፈሩ ደግሞ በፍላሽ ቫይረስ ተማሯል። «ማስጠንቀቂያውን እለፉት» ብለን ማስተማር ደስ አላለንም።

ኡቡንቱ ያላቸው

ቂሊንጦ ዩኒቨርሲቲው ስላለ ኡቡንቱ የሚጠቀም ተማሪ አልጠፋም። እነሱ ላይ የሚመጣው ሌላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ በኡቡንቱ 24.04ም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደቢያን 12፣ የሲስተሙ ፓይዘን በፒፕ እንዳይነካ ተከልክሏል፤ ይህ ፓይዘን በውጭ የሚተዳደር ነው ብሎ ይመልስሃል። መልእክቱ ራሱ መውጫውን ይናገራል፤ ተማሪዎቹ ግን ከቡድን ወደ ቡድን የሚቀባበሉት ክልከላውን ጥሶ የሚያልፈውን አማራጭ ነው። በስሙ ላይ «ሲስተሙን አፍርስ» የሚል አማራጭ ይዞ መሮጥ ድፍረት ነው። የእኛዋ እንደ ፕሮግራም የምትነሳ ስለሆነች ፒፕኤክስ ይስማማታል፤ አፕት በተባለው የኡቡንቱ ፓኬጅ ማኔጀር ተጭኖ እያንዳንዷን ፓኬጅ በየራሷ ክፍል ያስቀምጣል። ሁለት መስመር ጽፈን አለፍን።

የዊንዶውስ 7ቱ ኮምፒውተር

ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይዘን 3.8 ነው። ጓደኛዬ ደግሞ አዲሱን እትም ሲለቅ ከ3.9 በታች አይሠራም ብሎ መዝግቦታል። ፒፕ ይህን ምዝገባ ያከብራል፤ ዝም ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ የሚስማማውን የድሮ እትም ያነሳል። ሰውየው ተጫነልኝ ይላል፣ እውነትም ተጭኗል። ነገር ግን ገጹ ላይ ያለው መመሪያ የአዲሱ ነው፤ የድሮው የሚነሳው በሌላ ትእዛዝ ነበር። የእትዬ ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ ስክሪኑ ተሳክቷል ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን አይነሳም።

ሐሳቡን ከብዙ አቅጣጫ አየነው። ከድሮዎቹ እትሞች አንዱ አንዳንድ ፊደላትን ያሳስት ነበር፤ እሱን ፓይፒአይ ላይ «ያንክ» አደረገው፤ ፋይሉ አይጠፋም፣ ቁጥሩን ለይቶ ካልጠራው በቀር ግን ፒፕ አያነሳውም። ከዚያ ለ3.8 የሚስማማ አንድ የማስተካከያ እትም አውጥቶ፣ የሚነሳበትን ትእዛዝ ከአዲሱ ጋር አንድ አደረገው። መመሪያው ላይ የጨመርነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ኮምፒውተርዎ ዊንዶውስ 7 ነው?» ከሆነ ወደ ሌላ ገጽ ይመራል። የፓይዘን 3.8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ስላበቃ፣ ያ ኮምፒውተር ለዚህ ሥራ እንጂ ለባንክ ጉዳይ እንዳይውል የሚል ቃልም አለበት። ዊንዶውስ 7ን ጣሉ ማለት ቀላል ነበር፤ ፕሪንተሩ ግን ከእሱ ጋር ብቻ ነው የሚስማማው።

ከዚያ ወዲህ

አዲሱ ገጽ የወጣው በአዲስ እትም ነው፤ ኤክሴሉን ከመለየትና ከፊደል ማስተካከያ በቀር በኮዱ ላይ የተለወጠ ባይኖርም። ጓደኛዬ ለመመሪያ ብሎ የእትም ቁጥር መጨመሩ ቆጭቶታል፤ እኔ ደግሞ መመሪያም የፓኬጁ አካል ነው ባይ ነኝ፣ እዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

«አልሠራም» የሚለው ስክሪንሾት አልቆመም፣ ዓይነቱ ግን ተለውጧል። ከፒፕ በፊት የሚቆም ሰው ጥቂት ነው። አሁን የሚመጣው ስለ ፊደል ነው፤ «ኋ» ተሳስቶ ወጣ፣ የዚህኛው ፎንት ነጠላ ሰረዝ ጠፋ የሚል። ለጓደኛዬ ይህ የምሥራች ነው፤ ሰው ፕሮግራሙ ድረስ ደረሰ ማለት ነው። የእትዬ ረዳት የታተመውን ወረቀት በላስቲክ አሽጎ ከኮምፒውተሩ ጎን ለጥፎታል፤ በጎረቤት ብሎክ ላሉ ሁለት ቤቶችም ራሱ ሄዶ ጭኖላቸዋል፣ ከአንደኛው ገንዘብ ተቀብሏል። የፓኬጇ የአጠቃቀም ፈቃድ ይህን አይከለክልም።

ያልተፈታው የፍላሹ ፎልደር ነው። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ፎልደሩ ያረጃል፤ ማን ያድሰው? ማሠልጠኛው እኔ ላድስ ብሏል፤ ለሥራው የመደበው ሰው ግን ገና የለም። ለጊዜው ፎልደሩ ውስጥ የተዘጋጀበትን ቀን የሚናገር አንድ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጠናል፤ የባች ፋይሉም ሲነሳ ያንን ቀን መጀመሪያ ያሳያል።